በባትሪ የታለፉት አራት ደቂቃዎች

አቶ ደግፌ የሞቱት ቅዳሜ ረፋድ፣ በመለኪያ ክፍላቸው ውስጥ፣ ማስታወሻ ደብተራቸውን ፊት ለፊታቸው እንደ ዘረጉ ነበር። ግንባራቸው ጠረጴዛው ላይ አርፏል፤ እስክሪብቷቸው ከጣቶቻቸው መካከል አልወጣም። ከወንበራቸው ሥር የኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ስኒ» የሚሉት፣ ሽቦ ለማሰር ከምሰሶ ጫፍ የሚተከል ከባድ ሸክላ ወድቋል። ሟቹ ወረቀት እንዳይበርባቸው የሚጭኑት በዚያ ሸክላ ነበር። የመታቸው ሰው ያነሣው ከገዛ ጠረጴዛቸው ላይ ነው።

ዋና ኢንስፔክተር ዘነበወርቅ ደፍ ላይ ቆማ ክፍሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ረዳቷ ሳጅን ጀላል ሊያናግራት ሲል በእጇ ምልክት አስቆመችው።

«ወለሉ ጣውላ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንተ ስትመጣ ከኮሪደሩ ጫፍ ጀምሮ ሰማሁህ። እሳቸውም የመጣባቸውን ሰው ሰምተዋል። ግን ዞረው አላዩትም።»

«ሥራ ይዟቸው ይሆናል።»

«ለእንግዳ ሰው ይዞራል፤ ለቤት ልጅ አይዞርም።»

ሕንፃው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ በብየዳ ቤቶች መካከል የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ነው። በመስኮቱ የብረት መቁረጫ ጩኸትና «አየር ጤና! አየር ጤና!» የሚል የታክሲ ረዳት ድምፅ ይገባል። የታችኛው በር በልኬት ሰዓት ከውስጥ በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉም ከሟቹ ኪስ ተገኝቷል። ዘበኛው ከውጭ ሆኖ ማንም እንዳልገባና እንዳልወጣ መስክሯል። እንግዲህ ገዳዩ በሕንፃው ውስጥ ከነበሩት ከአራቱ ሰዎች አንዱ ነው።

ጀላል ግን ከአራቱ አንዷን መርጦ ጨርሶ ነበር። የሰርቨሩ ኃላፊ ዙቤዳ ናት። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ፣ በዚያ ሰዓት ዓይኗ በሥራ መነጽር ያልተሸፈነው እሷ ብቻ፣ በሟቹ መሳቢያ ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረባቸው ሪፖርቶች ላይ የተገኘውም የእሷ ፊርማ ነው።

«ካቴናውን መልሰው» አለችው ዘነበወርቅ። «መጀመሪያ ልስማት።»

ዙቤዳ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ቀጭን ሴት ናት። እጆቿን ጭኖቿ መካከል ጨምቃ ተቀምጣለች።

«ሥራችሁን ለእናቴ እንደምታስረጂ አድርገሽ ንገሪኝ» አለቻት ዘነበወርቅ።

«ሁለት ሰዎች በተለያየ ክፍል ሆነው ዓይናቸውን በመነጽር ይሸፍናሉ። ያን ጊዜ ሁለቱም አንድ ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ። ግቢው የለም፤ ምሰሶውም ሽቦውም የለም፤ ለእነሱ ግን አለ። እያንዳንዱም የሌላውን አምሳል ያያል። አንዱ ማጥፊያውን ያወርዳል፣ ሌላው ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦውን ይይዛል። አዳዲስ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች እንዲሠለጥኑበት ነው።»

«አቶ ደግፌስ ምን ነበር የሚለኩት?»

«ሁሉም ሰው በአንድ ቅጽበት አንድ ነገር ያያል ወይ የሚለውን። ለእኔ ማጥፊያው ወርዶ፣ ለእርስዎ ካልወረደ ግቢው አንድ ግቢ አይደለም፤ ሁለት ውሸት ነው ይሉ ነበር። ደግሞም የእያንዳንዱ ሰው እንቅስቃሴ ለሌላው በምን ያህል መዘግየት እንደሚደርስ ይለካሉ። አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር አጠገባቸው ያለውን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ሰዓቱ ሰርቨሩ ላይ ይመዘገባል። አንድም ቀን አምልጧቸው አያውቅም።»

«ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ከአራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ከሰርቨሩ ክፍል አልወጣሁም። ልኬቱን አስቁሙ ሳይሉ ሲቀሩ ግራ ገብቶኝ መጣሁ። ከዚያ...»

«ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ማን አየሽ?»

«ማንም።»

ዘነበወርቅ ሪፖርቶቹን አቀረበችላት። የሦስት ወር ልኬት ነው። ከእያንዳንዱ ገጽ ጎን በሟቹ ደቃቅ ጽሑፍ «ቁጥሩ ተለውጧል» የሚል አለ።

«እነዚህን ቁጥሮች ማን ሰጠሽ?»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«የጠየቅሁሽ እሱን አይደለም።»

ዙቤዳ ከንፈሯን ነከሰች። «ባልደረባዬ አምሐ ነው የሚሰጠኝ። ግን እሱ ከማሽኑ ገልብጦ ነው የሚያመጣው፤ ስህተት ካለ የማሽኑ ነው። አምሐን አላውቀውም እንዳልልዎት፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብረን ነን። እናቴ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ ቆሞ ለቀስተኛ የተቀበለልኝ እሱ ነው። እህቴ ነው የሚለኝ። አምሐ አይዋሽም።»

ጀላል የካቴናውን መክፈቻ በጣቱ እያሽከረከረ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቀጥላ የገባችው ሶፊ ናት፤ የምናባዊውን ግቢ ሥዕል የምትሠራው። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል፤ አንደበቷ ግን አላረፈም።

«እኔ ምሰሶ ላይ ነበርኩ ኢንስፔክተር። ማለቴ፣ የሌለ ምሰሶ ላይ! ክፍሌ ውስጥ ተዘግቼ። አምሐ ከማጥፊያው አጠገብ ነበር፤ ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።»

«ሁልጊዜም?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ያው ነው። ስንት እርምጃ፣ መቼ መውጣት፣ መቼ መውረድ፣ መቼ መቀመጥ፤ ሁሉም የተጻፈ ነው። ልኬቱ ካለፈው ሳምንት ጋር እንዲነጻጸር ነው። ቅዳሴ በሉት፤ ቃል አይዛነፍም። ወሬም ክልክል ነው። ጋሽ ደግፌ አንዴ በማንጎራጎሬ ብቻ ልኬቱን እንደገና አስጀምረውናል፣ ነፍሳቸውን ይማር።»

«ዛሬ የተለየ ነገር አልነበረም?»

«አማካሪያችን ጋሽ ገሜዳ ናቸዋ! ሳይታሰብ ገቡ። ደግሞ አገባባቸው! በጀርባቸው ነው የገቡት፤ ሳቄን እንዴት እንደ ያዝኩት እኔ ነኝ የማውቅ። ከዚያ መብራት ሄደ። ግቢው በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጋሽ ገሜዳ አንዴ ምሰሶው ሥር፣ አንዴ አጥሩ ላይ። ዙቤዳ በጆሯችን ‹ባትሪ ላይ ነን፣ አትንቀሳቀሱ› እያለች በየአሥር ሰከንዱ ትቆጥርልን ነበር፣ ዘበኛው ጄኔሬተሩን እስኪያስነሣ።»

ሦስተኛው አምሐ ነው፤ የግቢውን ፕሮግራም የጻፈው። ዘነበወርቅ ስትገባ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት፤ እሷ ሳትቀመጥ አልተቀመጠም። ነጠላ ጫማ አጥቶ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ሲሄድ ዞሮ ያየው ሰው እንዳልነበረ፣ ሁሉንም ያደረጉለት አቶ ደግፌ እንደሆኑ እያለቀሰ ነገራት።

«ክርስትና አባቴ ናቸው» አለ። «ያነሡኝ እሳቸው፣ ያስተማሩኝ እሳቸው።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ። በልኬቱ ሰዓት ግቢው ውስጥ ማን ማን ነበራችሁ?»

«እኔና ሶፊ። እንደ ወትሮው ሁለታችን።»

«መብራት ሲሄድስ ምን አያችሁ?»

«ምንም። ባትሪው ወዲያው ያዘው። ውስጥ ላለ ሰው ብዙም አይታወቅም።» እንባውን ጠርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ስለ ዙቤዳ ክፉ አታስቡብኝ። እህቴ ናት። ብቻ... ሪፖርቱ ላይ ያለው ፊርማ የእሷ ነው። ጋሼ ሰሞኑን በእሷ አዝነው ነበር። ይህን ከአፌ ባላወጣው ምንኛ ደስ ባለኝ!»

«ከአፍህ ወጥቷል» አለችው ዘነበወርቅ፤ ጻፈችውም።

አቶ ገሜዳ ታች በእንግዳ መቀበያው ክፍል፣ በዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት ምሰሶ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እምቢ ብሏል። ሥልጠናው ከእውነተኛው ሥራ ጋር መመሳሰሉን የሚመክሩት እሳቸው ናቸው።

«ያንን ነገር ዓይኔ ላይ አድርጌ አላውቅም ነበር» አሉ። «ትናንት ደግፌ ደወለልኝ። ‹ጋሼ፣ ነገ ይምጡና በዓይንዎ ይዩልኝ። ሰኞ ልጆቹ በዚህ ተማምነው እውነተኛ ምሰሶ ሊወጡ ነው› አለኝ። ዛሬ ከልኬቱ በፊት ራሱ መጥቶ አለበሰኝ፤ ‹እኔ አልጠራዎትም፤ ሲመችዎት ይህችን ይጫኑ› ብሎኝ ወጣ። እኔም ፈራ ተባ ስል ቆይቼ ሩብ ጉዳይ ላይ... የለም፣ አራት ከሩብ ግድም ተጫንኩ።»

«ማንን አዩ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ልጄ፣ ሰው ሞቶ ስለ ክብሬ ማውራት ነውር ነው።»

«ይንገሩኝ።»

«ሶፊ ከምሰሶው ወርዳ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ብድግ ብላ ‹ኖር!› አለችኝ። ‹በእግዜር› አልኳት። አምሐ ግን ካጠገቧ ተቀምጦ ባዶ ቦታ እያየ ቀረ። አምሐ! ደጅ ላይ ሳስል ሰምቶ የሚነሣው ልጅ! ሰው በሌለበት ዓለም አክብሮት የለም ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። መብራት ሲሄድ ራሴን አዞረኝ፤ ሲመለስ መነጽሩን አውልቄ ተቀመጥኩ፤ ጩኸቱን የሰማሁት እዚሁ ሆኜ ነው።»

ዘነበወርቅ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሣች። ከውጭ የብረት መቁረጫው ድምፅ ለአፍታ ተቋርጦ እንደገና ጀመረ።

ወደ ላይ ወጥታ ዙቤዳን፣ ጀላል አጠገቧ ቆሞ ሳለ፣ የዕለቱን የመዘግየት መዝገብ በየሰው ለይታ እንድታትምላት አዘዘቻት። ሦስት መስመሮች ያሉት አንድ ወረቀት ወጣ። ዙቤዳ ልታቀብላት እጇን ዘረጋች። ዘነበወርቅ አልተቀበለቻትም።

«እንደ ባለሙያ አንብቢልኝ።»

«ይኸኛው ሶፊ ናት። ይኸኛው ጋሽ ገሜዳ። አራት ከሃያ ላይ መብራት ሲሄድ ሁለቱም እንዴት እንደ ተናወጡ ያያሉ፤ አራት ከሃያ አራት ላይ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ይረጋጋሉ። ይኸኛው...» ጣቷ ቆመ።

«ቀጥዪ።»

«ይኸኛው አምሐ ነው።» መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ዙቤዳ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ መልሳም ወደ ራሷ አቀረበችው። «ከክፍሉ በሽቦ የሚመጣ ነገር እንደዚህ ሊሆን አይችልም። እንደዚህ የሚሆነው... ሰርቨሩ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሲሆን ብቻ ነው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል» አለች፤ ድምፁ ግን የእሷ አይመስልም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በላይኛው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሶፊና አምሐ ጎን ለጎን፣ ዙቤዳ ከጀላል አጠገብ ተቀመጡ። አምሐ ተንጠራርቶ የዙቤዳን ትከሻ ዳበሰ፤ «አይዞሽ እህቴ» አላት። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

መጨረሻ ላይ አቶ ገሜዳ በሁለት ፖሊሶች ተደግፈው፣ ደረጃውን እያቃሰቱ ወጥተው ብቅ አሉ። ከሁሉ ቀድሞ አምሐ ብድግ አለ።

«ኖር! ኖር ጋሼ!»

«በእግዜር» አሉ ሽማግሌው፤ አምሐም ወንበሩን ለቀቀላቸው።

ዘነበወርቅ በዝግታ ራሷን ነቀነቀች። «አሁን ተነሣህ» አለችው። «ጠዋት ግን አልተነሣህም።»

«ጠዋት?»

«ጠዋት ጋሽ ገሜዳ ግቢው ውስጥ ሲገቡ።»

የአምሐ ፊት አልተለወጠም፤ ወንበር ፍለጋ የተዘረጋው እጁ ግን አየር ላይ ቀረ።

«ሶፊ፣ አምሐ ሳይነሣ ሲቀር አላየሽም?»

«አይቻለሁ» አለች ሶፊ። «መስመሩ ዘግይቶበት ነው፣ ለእሱ ገና አልታዩትም ብዬ ተውኩት። መዘግየት እኮ የዕለት እንጀራችን ነው።»

«ሁላችሁም የምታስቡት እንደዚያ ነው፤ ገዳዩም ተማምኖበታል። እንግዲህ ስሙኝ። ይህ ልኬት በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ነው። ያው እርምጃ፣ ያው መቀመጥ፣ ወሬ የለም። ስለዚህ የባለፈውን ቅዳሜ እንቅስቃሴ ቀርጾ የያዘ ሰው ዛሬ ቢያጫውተው፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ባልደረባው እንኳ አትለየውም። አምሳሉ ግቢው ውስጥ ሲቀመጥ ሰውዬው ኮሪደሩ ላይ ይሄዳል። የዛሬውንና የባለፈውን ቅዳሜ መዝገብ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበን አየነው። የሶፊ እጅ በሁለቱ ቅዳሜዎች አንድ ቦታ ላይ አያርፍም፤ ሕያው ሰው ነችና። የአምሐ ግን ግራ ትከሻውን ያከከበት ሰከንድ ሳይቀር አንድ ነው። ሰው ራሱን እንዲህ አይደግምም።»

«ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ!» አለ አምሐ። «መነጽሬን አድርጌ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰርቨሩ ውስጥ ማስገባት የምትችለው...» አፉን ዘጋ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጨረሰው። «ሰርቨሩ በማን እጅ ነው? እሷ ናት ያስገባችው። እኔን ለመወንጀል እሷ ናት።»

ዙቤዳ ቀና አለች። በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያን ፊት ላለማየት ሌላ ቦታ ፈለገ።

ዘነበወርቅ ግን ድምፅዋን አልለወጠችም። «መነጽርህን አድርገህ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ገሜዳን ታያቸው ነበር። ማን ማን ነበራችሁ ብዬ ስጠይቅህ ‹ሁለታችን› አልከኝ። ግቢው ሲንቀጠቀጥ ታይ ነበር፤ ‹ምንም› አልከኝ። ታች ተቀምጠው የምታውቃቸው ሽማግሌ ዛሬ መነጽር እንዳደረጉ የነገረህ የለም። ግቢው ውስጥ የሌለ ሰው ብቻ ነው ያንን ሊል የሚችለው።»

«ወጥቼ ይሆናል! ወጣሁ ማለት ገደልኩ ማለት ነው? እሷም ከመነጽር ውጭ ነበረች።»

«እሱን ሟቹ ራሳቸው ፈትተውልናል» አለች። «አራት ከሃያ ላይ መብራት ሲሄድ አቶ ደግፌ ቁልፋቸውን ተጭነዋል፤ ሰዓቱ ተመዝግቧል። እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበሩ። አራት ከሃያ አራት ላይ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ግን አልተጫኑም። አንድም ቀን ያላመለጣቸው ሰው! እንግዲህ የተገደሉት ሕንፃው በባትሪ በቆየባቸው አራት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ዙቤዳ በየአሥር ሰከንዱ ስትቆጥር ሶፊ ሰምታለች፤ ድምፁም ተቀርጿል። ማይክሮፎኑ በሰርቨሩ ጠረጴዛ ላይ በቡሎን የታሰረ ነው፤ ከእሱ እስከ መለኪያው ክፍል ደርሶ መመለስ በአሥር ሰከንድ አይቻልም። የሶፊ መስመር ይናወጣል፤ ጋሽ ገሜዳ ደረጃ አይወጡም። ከአራት ሰው የቀረው አንድ ነው። አቶ ደግፌም ዞረው ያላዩት የመጣው የክርስትና ልጃቸው ስለ ሆነ ነው።»

አምሐ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የትሕትናው ጎበጥ ማለት ከጀርባው ላይ ወርዶ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ታየ።

«ልዩነቱ ትንሽ ነበር» አለ። «የሰከንድ ሽራፊ። አንዱ ማጥፊያው ወርዷል ሲል ለሌላው ገና ነው። በሁለት ወር እጠግነው ነበር። ቁጥሩን አስተካክዬ ጊዜ ገዛሁ፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም።»

«በሰከንድ ሽራፊ ነው ባልደረባዬን ከምሰሶ ላይ ያወረድኩት» አሉ አቶ ገሜዳ። «ከሰል ሆኖ።»

«ሐሙስ ዕለት ጠሩኝ። ‹ለማንም አልተናገርኩም፤ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፤ አንተው ራስህ ተናገር› አሉኝ። አባት ነኝ ይሉ ነበር! አባት የልጁን ነውር ይሸፍን የለም እንዴ?»

«ጊዜ ሰጡህ» አለችው ዘነበወርቅ። «አንተም ተጠቀምክበት።»

ጀላል ካቴናውን ይዞ ከዙቤዳ ጎን ተነሣና ወደ አምሐ ሄደ። መቆለፊያው ሲጮህ ዙቤዳ ብድግ አለች።

«አምሐ» አለች። ጩኸት አልነበረም። «የእኔን ስም ለምን? ሶፊም መፈረም ትችል ነበር፤ ራስህም ትችል ነበር። ለምን እኔ?»

ሊመልስላት እንደማይፈልግ ሁሉ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ሳያያት ተናገረ።

«ሌላ ሰው ቁጥሩን ያይ ነበር።»

ወሰዱት። ሶፊ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ዙቤዳ ግን አላለቀሰችም፤ ቆማ በሩን ታያለች።

«ጨርሰሻል» አለቻት ዘነበወርቅ። ለስለስ ማለት አይሆንላትም ነበርና ቃሉ እንደ ትእዛዝ ወጣ። «ወደ ቤትሽ ልትሄጂ ትችያለሽ። ቃልሽን በሌላ ቀን እንቀበላለን።»

«ሰኞ ጠዋት ምሰሶ የሚወጡ ልጆች አሉ» አለች ዙቤዳ።

«መምሪያው ደብዳቤ ይጽፋል።»

«ደብዳቤው እስኪደርስ ይወጣሉ።»

ስልኳን አውጥታ ደወለች። የሠልጣኞቹ ኃላፊ አነሣ። ልኬቱ ሐሰት እንደሆነ፣ ማንም ሰው በዚያ ሥልጠና ተማምኖ ሽቦ እንዳይነካ፣ የሦስቱም ወር ሪፖርት የተፈረመው በእሷ እጅ እንደሆነ ነገረችው። ዘነበወርቅ ይህ ነገር ከሥራዋ እንደሚያስወጣት፣ ምናልባትም ክስ እንደሚያስከትልባት ልትነግራት ፈልጋ ነበር፤ ልጅቱ ግን ከእሷ ይልቅ ታውቀዋለች።

በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለነበር ጥያቄው ለሁሉም ተሰማ። ሳታነቢ እንዴት ፈረምሽ? ነበር የሚለው፤ ደጋግሞ።

ዙቤዳ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው፤ መልሳም አቀረበችው።

«አምኜ ነው» አለች።